ኪስ የገባች እጅ

ትናንት ፈረስ መጋላ ገበያ ባለችው ሱቄ ውስጥ ያረጀ የጊታር አምፕሊፋየር ከፍቼ፣ ኤሌክትሪክ የሚያቁሩትን ያበጡ ካፓሲተሮች ስቀይር የተቃጠለ ሽታቸው ሰባት ዓመቴ ላይ ወስዶ ጣለኝ።

አባቴ የጦር ሠራዊት ባንድ ጊታር ተጫዋች ነበር። አቦከር ሰፈር ቤታችን ውስጥ እንዲህ ያለውን አምፕሊፋየር ገላልጦ ይጠግናል። አንድ ቀን እኔ ብልጡ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩና፣ «አሁን ምን ያደርገኛል?» ብዬ እጄን ወደ ውስጡ ሰደድኩ። አባቴ በመዶሻው እጀታ የእጄን አንጓ መታኝ። አጥንቴ ሲሰበር ሰማሁት።

እናቴ ጩኸቴን ሰምታ ገባችና በማንቆርቆሪያ ግንባሩን ፈነከተችው።

«ልጄን ገደልክብኝ፣ አረመኔ!»

«ተነቅሎም ቂም ይይዛል፣ ሴትዮ!» አለ፣ ደሙ ዓይኑ እየገባ።

ቂመኛ ያለው እሷን መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን ባለ እንጨት እጀታ ካቻቢቴውን አንስቶ የካፓሲተሩን ሁለት ጫፎች አገናኘበት። ያቆረው ኤሌክትሪክ እንደ ጥይት ጮኸ፤ የብረቱ አፍ ቀለጠ።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። በነጠላዋ ጫፍ ግንባሩን ያዘችለትና ዞራ ደህናውን ክንዴን እስኪበልዝ ቆነጠጠችኝ።

ዛሬም እንዲህ ያለውን ስከፍት ያቺ የተሰበረች እጄ ኪሴ ትገባለች፤ በአንድ እጅ እሠራለሁ። ደንበኞቼ የባለሙያ ኩራት ይመስላቸዋል። ኧረ የምን ኩራት! አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ እጄ ግን መዶሻውን ገና ትጠብቃለች።