ከዋሂል ማዶ ያለችው ቆቅ

ወልደጻድቅ ሰማታርን የሚጠላበት ምክንያት እንደሌለው ራሱም ያውቃል፤ ግን ሲያየው ፊቱን ያዞራል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው የዱር እንስሳት ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታ የወልደጻድቅ ነበር። ቀድሞ ሐዲድ ጠባቂ ሆኖ በትሮሊ፣ በሐዲድ ላይ በምትገፋው ጋሪ፣ ሲመላለስ በኖረባቸው ዓመታት ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነችውን ቆቅ ያየበትን ቦታ ሁሉ ቀይ እስፒል ሰክቶበታል። ሰዉም "የወፍ አባት" ይለው ነበር።

ታዲያ በ1974 ዓ.ም. ሰማታር፣ የዱር እንስሳት ኮርስ ጨርሶ ቢሮው የተመደበው ልጅ፣ ካርታውን ትክ ብሎ አየና፣ "አቦ ወልዴ፣ ይሄ እኮ የቆቅ ሳይሆን የባቡር ካርታ ነው። አንተ በትሮሊ ያለፍክበት ሁሉ ቆቅ አለ፤ ያላለፍክበት የለም" አለው። የድሬ ልጅ ነውና ታላቁንም "አንተ" ነው የሚለው። ቢሮው በሙሉ ሳቀ።

ሰማታር በዚህ አላበቃም። የዝናቡን፣ የከፍታውንና የግራሩን ካርታ ደራርቦ፣ ከዋሂል መንደር ማዶ ማንም ቆቅ ያልቆጠረበትን ሸለቆ በአረንጓዴ እርሳስ ቀባና "እዚህ ትኖራለች" አለ።

ኃላፊዋ ጓድ በለጠች፣ "ከተገኘች ሸለቆው ይከለላል፤ ካልተገኘች ግራሩን ቆርጦ ለሚያከስለው ማኅበር ይሰጣል። ሁለታችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ" አሉ።

"ሳያይ የሚያውቅ ነቢይ መጣልን" እያለ ወልደጻድቅ መንገዱን ሙሉ አጉረመረመ።

ጎህ ሲቀድ ሸለቆው አፋፍ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የሰማው ወልደጻድቅ ነው፤ ያ ሻካራ ጥሪ፣ ከግራሩ ሥር። አንዷ ስትጣራ ሌላዋ ስትመልስ ሰባት ቆጠረ። ሰማታር የቆጠራውን ቅጽ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል፤ ጥሪውን ከነፋሱ መለየት አልቻለም።

"ሰማህ ወልዴ?"

"ነፋስ ነው።"

ፀሐይዋ ከረር እስክትል ጠበቁ። ሰማታር አልተከራከረም፤ "አልተገኘችም" ብሎ ጻፈ። "ካንተ ጆሮ ካመለጠችማ የለችም ማለት ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ስንት ወር የናፈቀው ቃል ይኸው መጣ፤ መጣና እንደ ኮሶ መረረው። ቁልቁል ግራሩን አየ። ለበጋ ይሄ ሁሉ ከሰል ይሆናል።

"ሰርዘው" አለ።

"ምኑን?"

"ሰባት ናቸው። ሰባት ብለህ ጻፍ።"

"መቼ ሰማህ?"

"አንተ አፍህን ከፍተህ ስትቀመጥ። የሰማው ወልደጻድቅ ነው በል። ስሜም ካንተ በላይ ይሁን።"

ሰማታር አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየው፤ ሰረዘና ጻፈ። ወልደጻድቅ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለቴ አነበበው። ስሙ ከላይ ነበር። ድሬ እስኪገቡ ድረስ ግን ልጁን አላናገረውም።