ለጅብ የተቀመጠ ሥጋ

የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆኜ ቡሬ ከተመደብኩ ወዲህ ብዙውን ጊዜ የምጠራው ጦጣ በቆሎ ፈጀ፣ ከርከሮ ድንች ቆፈረ ተብሎ ነበር። በዚያ የታኅሣሥ ማለዳ የደወሉልኝ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው።

«ልጄ፣ አሞራው ማሳ ላይ እየወደቀ ነው። ነይና እይልን» አሉኝ።

በባጃጅ ስደርስ ቄሱ መንገድ ላይ ጠብቀው ወደ ማሳው ወሰዱኝ። ጤፉ በታጨደበት ማሳ ላይ ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ዘርግተው ተጋድመዋል፤ አንዳንዱ ገና ይንቀጠቀጣል። ከማሳው ሥር ባለው ወንዝ ዳር አፋቸው ውሃው ውስጥ የተነከረ ሁለት ጅቦች፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ የጎረቤት ውሻ ሞተዋል። ከሁሉም መሐል ግማሹ የተበላ የበቅሎ በድን አለ። ጠጋ ስል ለሰብል የሚረጨው መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

የበቅሎዋ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ገበሬ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«መድኃኒቱን እርስዎ ነዎት ያደረጉበት?»

«እኔ ነኝ፤ ምን ልደብቅሽ። ጅብ ከበረት ጎትቶ አወጣት። ሚስቴ ምጥ ሲጠናባት ሐኪም ቤት ያደረሰቻት ይህች በቅሎ ናት። ጩኸቷን እየሰማሁ ደርሼ ላድናት አልቻልኩም። የተረፈው ሥጋ ላይ መድኃኒቱን አፈሰስኩበት። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

የምመልሰው ነበረኝ። ጥንብ አንሳ የሞተ ከብት በልቶ ካልጨረሰ በሽታ እንደሚዛመት፣ ሴቷም በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ እንደማትጥል ተምሬያለሁ። ግን ሰውየው በጋቢያቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ይህን ጊዜ ሚስታቸው ከቤት ወጥተው ወደ እኛ መጡ። የሞቱትን ጅቦች ሲያዩ ቆም አሉ።

«እነዚህ ውሃው ውስጥ ነበሩ እንዴ? እኔ ጠዋት ከዚሁ ቀድቼ ልጆቼን አጠጥቻለሁ» አሉ።

ባልየው ከድንጋዩ ተነሱ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔም ይሄ ነገር ወደ ልጆች ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጆቹን ከእናታቸው ጋር በመጣሁበት ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ላክናቸው። ቄሱ ጉብታው ላይ ወጥተው ማንም ከወንዙ እንዳይቀዳ፣ ከብትም እንዳያጠጣ ለመንደሩ ተጣሩ።

እኛ ከወንዙ ርቀን ጉድጓድ መቆፈር ጀመርን። እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን በድኑን፣ ጅቦቹን፣ ውሻውንና አሞሮቹን በገመድ እየጎተትን ቀበርናቸው። ከሁላችን ይልቅ የቆፈሩት ባልየው ናቸው። አንዴ እንኳ ቀና አላሉም። አንድ ጥንብ አንሳ በሕይወት ስለነበረ ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ዋንዛ ጥላ ሥር አስተኝተው ውሃ ቢያቀርቡለትም ሳይመሽ ሞተ።

ጤና ጣቢያ የሄዱት ልጆች ምንም ሳይሆኑ ተመለሱ። ባልየው ትንሹን ልጅ አቅፈው ብዙ ቆዩ።

ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ሄጃለሁ። የበረቱ ግንብ ጅብ የማይዘለው እንዲሆን ምን ያህል ከፍ ማለት እንዳለበት አሳይቻቸው፣ ጎረቤት ተረዳድቶ የድንጋይ በረት ሠራላቸው። ሌሎቹ ገበሬዎች ግን መድኃኒቱን ከቤታቸው አላወጡም፤ ጅብ በመጣ ቁጥር የሚያስቡት እሱን መሆኑን ፊታቸው ይነግረኛል። ክረምት ሲገባ በሸለቆው የሞተ በሬ ማንም ሳይነካው በስብሶ ሽታው ከመንደሩ ደረሰ። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ተሰበሰቡበት፤ ለሰውም አስቸገሩ።

በዚያው ሰሞን ባልየው ደወሉልኝ።

«እንደምን አለሽ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። እነዚያ አሞሮች መቼ ነው የሚመለሱት?»

«እኔም አላውቅም፣ ጋሼ» አልኳቸው።