በፍሪዘር ያደረ ስንዴ

ባለፈው ሳምንት ሓወልቲ አካባቢ ውሃ ልገዛ አንድ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ የፍሪዘሩን ክዳን ሲያነሳ ቅዝቃዜው ፊቴን መታኝ፤ ሂሳቤን ከፍዬም እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የሆነ ሽታ ጎድሎታል። በልጅነቴ የማውቀው ፍሪዘር እርጥብ አፈር አፈር ይል ነበር።

የጋሽ ሰይድን ፍሪዘር ማለቴ ነው። ጋሽ ሰይድ ከወሎ ደጋ መጥተው ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የከፈቱ ቀጭን ረጅም ሰው ነበሩ። ዘይነባ የምትባል ታናሽ እህታቸው አገር ቤት ታርሳለች። የበልግ ስንዴዋን ጥር ላይ ትዘራለች፤ ቡቃያው ብቅ ሲል ውርጭ ያነደዋል። ሁለት ዓመት በተከታታይ እንዲህ ሆነባት። ውርጭ የሚችል ዘር ካላገኘች መሬቷን ትታ ለቀን ሥራ ከተማ ልትገባ ነው። ታዲያ ከተቃጠለው ማሳ መሀል እንደ ምንም ተርፈው ያፈሩትን ጥቂት ዛላዎች ለወንድሟ ላከች። የትኛው በእውነት ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው ድንጋይ ከልሎት እንደተረፈ ይለዩላት ዘንድ።

ጋሽ ሰይድ የየዛላውን ዘር ሳይቀላቅሉ በባዶ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ዘሩ። ፍሪዘሩን፣ በኩባያ ያስቀመጡት ውሃ ፊቱ ላይ ስስ በረዶ እስኪይዝ ድረስ እያስተካከሉ ለኩት። እናቴ አንድ ቀን ጠርሙስ እያሸተተች፣

«ሰይድ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ለስላሳው አፈር አፈር ይላል እኮ!» አለቻቸው።

«አብሽሪ፣ ለሆድ ይስማማል» አሉ።

የመጀመሪያዎቹን ቆርቆሮዎች ከፀሐይ አንስተው በቀጥታ ፍሪዘር ከተቷቸው። ጠዋት ሲወጡ የተቀቀለ ጎመን መስለዋል፤ አንድም አልተረፈም። ጋሽ ሰይድ በጠራራ ፀሐይ ሱቃቸውን ዘጉ። እንዲህ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ግን ከበራቸው ሆነው ጮኸው ጠሩኝ። «ብርክቲ! ነይማ! ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የዘሩ አይደለም። እኛ አገር እኮ ውርጭ ከመውረዱ በፊት ብርዱ ቀስ እያለ ነው የሚጠናው። ቡቃያው ይለምደዋል፣ ይጠነክራል። እኔ ከሞቀ አልጋ አንስቼ በረዶ ላይ ጣልኩት!»

የቀሩት አሥራ ሁለት ቆርቆሮዎች ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ፣ ሲመሽ ባለ መስታወቱ ፍሪጅ ውስጥ አኖርናቸው። ጠዋት ማውጣቱ የኔ ሥራ ነበር። ቡቃያዎቹ አጠሩ፣ ጠቆር አሉ፣ አፈሩ ላይ ተለጠፉ። ከዚያ ወደ ፍሪዘር! ያን ቀን መብራት እንዳይጠፋ የለመንኩት ልመና ለፈተናም ለምኜው አላውቅ።

ጠዋት ሲወጡ ቅጠላቸው ዝልፍልፍ ብሏል። በአምስተኛው ቀን ቢጫ ሆነ። እኔ ደግሞ ከድሮም ችኩል ነኝ፤ ዳግመኛ ሲያዝኑ ላለማየት፣ ጁምዓ ሊሰግዱ በሄዱበት ከአንዱ ቆርቆሮ ነቃቅዬ መጣል ጀመርኩ። ድንገት መጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ምላጭ አምጥተው፣ ከነቀልኩት ቡቃያ አንዱን ሥርና ቅጠሉ ከሚገናኙበት ላይ ለሁለት ሰነጠቁት። ውስጡ ወተት የመሰለ፣ እርጥብ ነጭ!

«የሞተው ቅጠሉ ነው። ልቡ ከታች አለ፤ ይኸው» አሉኝ።

እሪ ብዬ ጮህኩ። የቀሩትን መልሼ ተከልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ከአሥራ ሁለቱ በሦስቱ ላይ መርፌ የሚያህል አረንጓዴ ብቅ አለ! ጋሽ ሰይድ ባንኮኒውን እንደ ከበሮ መቱት፤ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ለስላሳ አደሉ።

ዘሩ ጓሯችን ውስጥ ተባዝቶ ለዘይነባ ተላከ። ከተዘራ በኋላ አንድ ጠዋት ስልክ ደወለች፤ ድምጿ ሱቁን ሞላው። «ውርጩ ወረደ! የጎረቤቶቼ ነደደ፣ የኔ ግን መልሶ አቆጠቆጠ!» የጠርሙስ ሳጥን ላይ ወጥቼ ዘለልኩ። እሷም ቀጠለች፤ «እንግዲህ ና ወንድሜ። መሬቱ ለሁለታችንም ይበቃል፤ ብቻዬን አልችለውም።»

በወሩ ሱቁ ተዘጋ። ሊሰናበቱን ሲመጡ፣ «ስንዴው ሞቶ ቢሆንስ ኖሮ?» አልኳቸው።

«ዘይነባ ወደዚህ ትመጣ ነበራ» አሉና ግንባሬን ስመው ሄዱ።

አልጋ ስር ገብቼ አለቀስኩ። ለካ በየጠዋቱ ቆርቆሮ እየተሸከምኩ ጋሽ ሰይድን ወደ አገራቸው ስሸኝ ነበር። ያ ጊዜ ዛሬ ቢመለስ ግን፣ ይህን እያወቅኩም አንዷንም ቆርቆሮ ሳላወጣ አልተውም።