ቴሌቪዥኑ የበላው ዳጉ

መቀመጥ አይሆንልኝም። እናቴ «ቀዥቃዣ» እያለች ነው ያሳደገችኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ያደግነው አዋሽ፣ ከሐዲዱ ማዶ ባሉት የሠራተኛ ቤቶች ነው፤ ባቡሩ ባፏጨ ቁጥር ማዕዱን ትቼ በር ላይ ነኝ። እንዲህ ያለች ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ለአገር ልጆች ተረት እንድታወራ መመረጧ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ዘመኑ ደርግ ነው። አዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። የቴሌቪዥን ሰዎች ልጆቼን ሊቀርጹ መጡና ልጆቹን ትተው እኔን ቀርጸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የልጆች ሰዓት የኔ ሆነ። በቀጥታ ነበር የሚተላለፈው። ጅቡን ስሆን ብድግ እላለሁ፣ ጦጣዋን ስሆን እዘላለሁ፤ ካሜራ የሚይዘው ሰውዬ ባዶ ወንበር ይዞ ይቀራል። ከዝግጅቱ በኋላ የሚሰድበኝ ስድብ ለልጆች አይነገርም። ልጆቹ ግን ወደዱኝ። መንገድ ላይ «እትዬ» እያሉ ቀሚሴን ይጎትቱኝ ነበር፤ እኔም ከልቤ ወደድኳቸው።

የማወራው ሁሉ አስቀድሞ ኃላፊው አንብቦ የፈረመበት ነው። ያልተፈረመበት መዝጊያዬ ብቻ ነበር። ተረቱን ስጨርስ ካሜራውን ትክ ብዬ እያየሁ «እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ እናንተስ ምን ሰማችሁ?» እልና ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፤ ልጆቹ በየቤታቸው ይመልሱልኛል፣ ከዚያ ሙዚቃ ይገባል። ይህን የወሰድኩት ከአዋሽ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን፣ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የሞተውንና የተወለደውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ ሲጨርስ የሌላውን ይጠይቃል። ዳጉ የተቀበለ ሰው መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ማድረስ አለበት። እኔ ልጅ ሆኜ ገበያ ዳር እየሰማሁ ያደግሁት ስለሆነ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ሙቀቱን እየረገመች አዋሽን አልለቅም አለች። አንድ ጊዜ ታመመች ተብዬ በባቡር ወረድኩ፤ መተሐራ እስክንደርስ ድረስ ከመስኮት ወደ መስኮት ስዞር ተሳፋሪውን አሰለቸሁት። ቤት ስደርስ እናቴ ደህና ናት፤ ሕመሟ ናፍቆት ኖሯል። በነጋታው ባለሆቴሏ መጣች። ይቺ ሴት ከወሎ መጥታ ጣቢያው አጠገብ ሻይ ስታፈላ ኖራ ሆቴል የከፈተች ናት። የቴሌቪዥን ሥርጭት አዋሽ ሲደርስም መጀመሪያ የገዛችው እሷ ነበረች።

አንድ የአፋር ሽማግሌ እየጠበቀኝ እንደሆነ ነገረችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመልካ ወረር በኩል ይመጣና ሆቴሏ ከሚሰበሰቡት ልጆች ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይቀመጣል። እኔ ጠይቄ ዝም ስል እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለቴሌቪዥኑ ያወራል። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር፤ የሚለውን ከሰሙ በኋላ ተዉ። «ወላሂ፣ ማስረዳት አቅቶኛል» አለችኝ። እኔ ግን እስከ ሆቴሏ ድረስ መንገዱን ሁሉ እየሳቅሁ ሄድኩ።

ሽማግሌው ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፣ አጭር አጭር። ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ ተራ በተራ ጠየቀኝ። ሁሉንም ከመለስኩለት በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

ልጁ መልካ ወረር ጥጥ እርሻ ላይ ሲሠራ ለውትድርና አፈሳ መጥተው ከለቃሚዎቹ ጋር መኪና ላይ ጭነውታል። ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። ቀበሌ ቢጠይቅ «ለእናት አገሩ ዘምቷል» አሉት እንጂ የት እንደሆነ የነገረው የለም። ዳጉውን ላገኘው ሁሉ ሰጥቷል፤ እስከ ሰርዶና ከዚያም ወዲያ ሄዶ ባዶውን ተመልሷል። ልጁ ያለበት ሩቅ አገር ዳጉ የሚያደርስ አፋር የለም። የቴሌቪዥኗ ሴት ድምፅ ግን በአገሩ ሁሉ ይሰማል አሉት። መጥቶ ቢያየኝ ደግሞ እኔው ራሴ ጠየቅሁት።

«አንቺ ጠየቅሽ፣ እኔ ነገርኩሽ» አለኝ። «በሌላው ቅዳሜ የጦጣ ወሬ አመጣሽ። ደግሞ ጠየቅሽ፣ ደግሞ ነገርኩሽ። የጅብ ወሬ አመጣሽ። የልጄን ለማን አደረስሽ?»

ቴሌቪዥን እንደሚናገር እንጂ እንደማይሰማ ላስረዳው ጀመርኩ። እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«ይህች ባለሆቴልም ነግራኛለች። ካልሰማሽ ለምን ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ?»

 መጀመሪያ በሱ ተናደድኩ፤ በአደባባይ ያዋረደኝ መሰለኝ። ሰውየው ግን ሞኝ አልነበረም። ማመን ያቃተው ትልቅ ሰው ወሬ መቀበል ሳይፈልግ ምን ሰማህ ብሎ ይጠይቃል መባሉን ነው። ከወንበሬ ተነሥቼ በረንዳው ላይ ተንጎራደድኩ፤ ተመልሼ አሁን ንገረኝ አልኩት። ስሙን ከነአያቱ፣ አንገቱ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ፣ ሲወስዱት የለበሰውን ሽርጥ ሳይቀር ነገረኝ።

አዲስ አበባ ስመለስ እንቅልፍ አጣሁ። የመንግሥት ቢሮ ያለው ዘመድ ነበረኝ፤ ስለ ልጁ ስጠይቀው ተነሥቶ በሩን ዘጋና «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አንቺ ልጆችሽን አጫውቺ» አለኝ። ልጆቼን ሳጫውት ደግሞ መዝጊያዬ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። ዘለልኩት። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ዘለልኩት። ኃላፊው ምን ነካሽ አለኝ፤ ረሳሁት አልኩ። የልጁን ወሬ ብናገር እንጀራዬን እንደማጣ አውቃለሁ፤ ከእንጀራዬ ይልቅ ግን ልጆቹን ማጣት ነበር የሚያስፈራኝ። ቀን ከሌት ቤቴ ውስጥ ስመላለስ አከራዬ ምን ጠፍቶብሽ ነው ትለኝ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ተረቴን ጨረስኩና፣ ዛሬ ደግሞ ከአዋሽ የሰማሁትን ልንገራችሁ አልኩ። የልጁን ስም ከነአባቱ ጠራሁ። ጠባሳውን፣ ሽርጡን፣ ከየት እንደወሰዱት፣ እኔ እንደተቀበልኩት ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። ያየው ወይም የሰማ ሰው አዋሽ ጣቢያው አጠገብ ላለው ሆቴል እንዲያደርስ ለመንኩ። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን አላጠፋውም። ሙዚቃው ቃሌን ቆርጦ ገባ።

ማን ላከሽ ብለው መረመሩኝ። ያዳነኝ ኃላፊው ነው፤ ተረት መስሏት ነው፣ ራሷም ልጅ ናት አላቸው። ከስክሪን አውርደው የፊልም ማከማቻ ክፍል መደቡኝ። በኔ ቦታ የማይነቃነቅ፣ ወንበሩን የሚወድ ሰው ተተካ። መንገድ ላይ ልጆች ለምን ጠፋሽ ሲሉኝ ቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር።

ወራት አለፉ። አንድ የባቡር ሠራተኛ፣ ባለሆቴሏ ነይ ብላሻለች አለኝ። ስደርስ ሽማግሌው እዚያው ነበር፤ እንደ ደንቡ አስቀምጦኝ ነገረኝ። አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ያን ቅዳሜ ሆስፒታል ተኝቶ ሰምቶኝ ኖሯል። የልጁ የጦር ጓደኛ ነበር። ሲሻለው ወደ አሰብ ለሚሄድ ሾፌር አደራ ሰጠው፤ ሾፌሩ ሰርዶ ላይ ጎማ ሲቀይር ለአፋሮች ነገረ፤ ከዚያ በዳጉ አባቱ ዘንድ ደረሰ። ልጁ ሞቷል። የት እንደሞተ፣ ማን እንደቀበረው፣ ማን አፈር እንዳለበሰው ሁሉንም አወቀ።

«እናቱ ወተቱን ታስቀምጥለት ነበር» አለኝ። «አሁን ትታለች። ሶላቱን ሰግደንበታል። አንቺ አድርሰሻል።»

እኔ አለቀስኩ፤ እሱ አላለቀሰም።

ስወጣ በረንዳው ሞልቷል። ባቡር የሚጠብቁ መስለውኝ ነበር። የአፋር ሴቶች አሉ፣ ከጥጥ እርሻው የመጡ አባቶች አሉ፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከዳር ተቀምጣለች። ሁሉም እኔን ነበር የሚያዩት። ለምን እንደመጡ ገባኝ። ከቴሌቪዥን አስወጥተውኛል፣ አሁን የፊልም ቆርቆሮ አቧራ ነው የምጠርገው፣ ብናገርም የሚሰማኝ የለም አልኳቸው። ማንም አልተነሣም።

«እሱንስ ሰምተናል» አለችኝ የጸሐፊው ሚስት፣ አጠገቧ ቦታ እየለቀቀችልኝ። «ልጄ ቀጭን ነው። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። የወሰዱት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው።»