ያለ ደላላ ያገናኘኋቸው

መተማ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር ወዳለው የሰሊጥ እርሻ የሄድኩት ለአንድ ክረምት ብቻ ተብዬ ነው። ሁለት ሺህን ከተሻገርን ጥቂት ዓመት ሆኖን ነበር። ሚስቴና ገና ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ ጎንደር ቀሩ። አሠሪዬ በዕድሜ የገፉ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ቆላ ወርደው ሰሊጥ ያመርታሉ፣ ጎንደር ደግሞ የትራክተር ጥገና ቤት አላቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ወንዙ ሳይታሰብ ሞልቶ ለሠራተኛው ውሃ የሚስበውን ፓምፕ ይዞባቸው ሄዷል። ስለዚህ ውለታችን ግልጽ ነበር። ውሃው ሲነሳ ለሠራተኞቹ ካምፕ የሚናገር መሣሪያ ሠርቼ ክረምቱን ሳያቋርጥ ካገለገለ፣ በጥቅምት ወደ ጎንደር ጥገና ቤት ያዛውሩኛል። ካልሠራ እስኪሠራ እዚያው ነኝ።

ለሚስቴም እንዲሁ ነገርኳት። ከሠራ እመጣለሁ፣ ካልሠራ እቀራለሁ።

ብቸኝነትን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ አላውቀውም ኖሯል። ከሸሕዲ ከተማ እየተጫኑ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች የጎጃሙ ከጎጃሙ፣ የወሎው ከወሎው ጋር ነው የሚበላው። እኔን ማዶ ሱዳን ሠርተው በለመዱት ቃል “ሙሃንዲስ” ይሉኛል። ሙሃንዲሱ አጠገባቸው ሲቀመጥ ጨዋታው ይቆማል፤ አንዱ ይነሳና ወንበር ያመጣል። ተው እንጂ፣ መሬቱ ይበቃኛል ብል ማን ሰምቶኝ። አክብረው ብቻዬን አስቀሩኝ ማለት ነው። ስልክ የሚይዘው ከትራክተሮቹ ማቆሚያ በስተጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ብቻ ነበር፤ እዚያም ቢሆን ሲፈልገው። እሑድ እሑድ እወጣና እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ እቆማለሁ። የሚያየኝ ሰው ጸሎት ላይ ነው ሳይለኝ አይቀርም።

ሥራው እንዲህ ነው። ወንዙ ዳር ካለው እንጨት ላይ የታሰረ ሳጥን አለ። በሳጥኑ ውስጥ የውሃውን ከፍታ የሚያነብ ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ኮምፒውተርና ወሬውን ወደ ካምፕ የሚልክ ገመድ አልባ ሞጁል አሉ። ሞጁሉ ከማዶ፣ ከሱዳኑ ገላባት በኩል የመጣ ነው፤ ኢተርኔት በሚባለው የኮምፒውተር መነጋገሪያ ካልሆነ በቀር ከማንም ጋር አይነጋገርም። በኢተርኔት ለመነጋገር ደግሞ በወጉ ከሆነ በሁለቱም በኩል ትራንሲቨር የሚባል ቺፕ ይቆማል፤ የዚህኛውን ቃል ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ በኬብል ለወዲያኛው የሚያደርስ። እኔም እንደ ወጉ አደረግኩ። ሁለቱ ትራንሲቨሮች ይግላሉ፣ ባትሪ ይጠጣሉ። በክረምቱ ደመና ደግሞ ሳጥኑ ላይ ያለው ሶላር ባትሪውን አይሞላም። የመጀመሪያው ሳጥን በሁለተኛው ደመናማ ቀን ሞተ።

ማይክሮኮንትሮለሩና ሞጁሉ ጣት በማይሞላ ርቀት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ። ኬብል እንኳ አያስፈልጋቸውም። ቋንቋቸውም አንድ ነው። ትራንሲቨሮቹን አውጥቼ፣ ማይክሮኮንትሮለሩን ከሞጁሉ ጋር እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ፣ እግር ከእግር ልበይዳቸው ወሰንኩ። ለአሠሪዬ ሳስረዳ የሸሕዲን የሠራተኛ ገበያ ነበር የጠቀስኩላቸው። ሠራተኛውና ባለ እርሻው ከተዋወቁ ደላላ መሐል ምን ያደርጋል አልኳቸው። ደላላ የሚባል ዘር የማይወዱ ሰው ናቸውና ሳቁ፤ አውጣው አሉኝ።

ደላላ ግን ለካ የማይታይ ሥራም ይሠራል። ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ምት መራመድ አለባቸው፤ ምቱ የሚመጣው ያወጣሁት ትራንሲቨር ከተበየደበት ካርድ ላይ ነበር። ምት ሰጪዋን ዕቃ ከካርዱ ነቅዬ ለሁለቱም አካፈልኳቸው። እግሮቹ እንዳይምታቱብኝ በፕላስተር ቁራጭ ላይ “ላኪ” እና “ተቀባይ” ብዬ እየጻፍኩ ለጠፍኩ። ከዚያም ላኪን ከላኪ፣ ተቀባይን ከተቀባይ አያያዝኩ። በኬብል ስሠራ እንደዚያ ነበር የለመድኩት፤ ማቀያየሩን ደላላው ራሱ ይጨርሰዋል። ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አላለፈችም። ቴስተሬን ይዤ ከዚያ ሳጥን ጋር ተጣላሁ፤ ሰው አጥቼ እሱን ሰደብኩት።

አሠሪዬ እርሻውን ሊያዩ መጥተው አጎንብሰው ፕላስተሩን አነበቡ። በመተማ ላኪ ማለት ሰሊጥ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ነው።

“አንተ፣ ላኪ ከላኪ ጋር ምን ይገበያያል? ገዥው የታለ?” አሉኝ።

ለቀልድ ነበር ያሉት። እኔ ግን የመበየጃ ካውያዬን አነሳሁ። በዚያኑ ዕለት ሽቦዎቹን አመሳቀልኳቸው።

አሁንም ዝም። ሁለት ሳምንት ከተሠቃየሁ በኋላ ምክንያቱ ተገለጠልኝ። ማይክሮኮንትሮለሩ ከመናገሩ በፊት በየሰከንዱ ትራንሲቨሩን መስመር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሚጠየቀው የለም፤ መልስ የለም፤ እሱም መስመር የለም ብሎ አፉን ይዘጋል። ፕሮግራሙ ውስጥ ገብቼ ጥያቄውን ሰረዝኩና በቦታው መስመር አለ ብዬ ጻፍኩለት። ወዲያው መናገር ጀመረ። ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ቢያሳፍርም ቅናት ቢጤ ያዘኝ። ለእኔ እንዲህ ብሎ የሚጽፍልኝ አልነበረማ።

ወንዙ ነሐሴ ላይ ሞላ። ካምፕ የሰቀልኳት ቀይ መብራት በራች፤ ሰዎቹ ሮጠው ፓምፑን ወደ ዳገቱ ጎተቱ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፓምፑ የነበረበት ቦታ ውሃ ሆነ። ከዚያ በኋላም ሳጥኑ አንድ ቀን እንኳ አልተቋረጠም። መስከረም ሲጠባ ዕቃዬን በካርቶን ማሰር ጀመርኩ። መተማ ዮሐንስ ወርጄ ለልጄ ጫማ ገዛሁ፤ እግሯ ስንት እንደደረሰ ስለማላውቅ ቁጥሩን በስልክ ጠይቄ ነው።

በጥቅምት አሠሪዬ የሚተካኝን ባለሙያ ይዘው መጡ። ቁጥብ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ሳጥኑን ከፈትኩለት። ዞር አድርጎ አየ፣ ሥሩን አየ።

“ወንድሜ፣ ሶኬቱ የት ነው?” አለኝ።

የለውም አልኩት። ቢበላሽ ምኑን ነቅሎ ምኑን እንደሚተካ ጠየቀኝ። እንደማይነቀል፣ ሁሉም የተበየደ መሆኑን፣ ፕሮግራሙም ራሱ መስመር አለ ተብሎ የተነገረው መሆኑን አስረዳሁት። ሽቦዎቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብሎ መለሰና ለአሠሪያችን ይሄን ከሠራው ሰው በቀር የሚነካው የለም አላቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ለአንድ አፍታ ኮራሁ። ሞኝ!

አሠሪዬ ግን ወደ እኔ ዞረው ነበር። ንድፉን ስዬ እሰጠዋለሁ፣ አንድ ወር ተቀምጬ አሳየዋለሁ አልኳቸው። ንድፍ ወንዝ አይመልስም አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ነው የተናገሩት።

“እንግዲህ ልጅህን ለማን ጥለህ ትሄዳለህ?”

ሳጥኑን ማለታቸው ነበር።

ሰውየው በመጣበት መኪና ተመለሰ፤ ጎንደር ጥገና ቤት የእኔን ቦታ ያዘ። እኔ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሁለት የሚግሉ ትራንሲቨሮችና አንድ ክንድ ኬብል እንዳሉ ትቼ ሌላ ባትሪ ብለምን ኖሮ ማንም መጥቶ የተበላሸውን ነቅሎ አዲስ ይሰካ ነበር። ያኔ እኔም እነቀል ነበር። በራሴ እጅ፣ በራሴ ካውያ፣ ራሴን እዚያው በየድኩት።

እሑድ እስኪደርስ አልጠበቅኩም፤ ጉብታው ላይ ወጣሁ። ስልኩ እንደ ጉድ በመጀመሪያው ያዘ። ሁሉንም ነገርኳት። ሚስቴ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። 

“ካልሠራ እቀራለሁ አልከኝ። ሠራ፣ ቀረህ። እስቲ ንገረኝ፣ ከእንግዲህ የቱን ልጸልይ?” አለችኝ።

እኔ ግን ልጅቷ ተኝታለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ገና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።