ጥርስ ያረፈበት ወይራ

የመሣሪያ ሣጥኔን ስከፍት መጀመሪያ እጄ የሚያርፈው አንዲት የወይራ ዘንግ ላይ ነው። ርዝመቷ ክንድ አይሞላም፤ ውፍረቷ የአውራ ጣት ያህል ነው። አንዱ ጫፏ ግሪስ ጠጥቶ ጠቁሯል፤ በሌላው ጫፍ የሰው ጥርስ ለዓመታት አርፎበት ጎድጉዷል። መፋቂያ የምትመስላቸው አሉ። እኔ ግን ባነሳኋት ቁጥር የተቃጠለ የዋንዛ ሰጋቱራ ይሸተኛል፤ ከሽታው ጋር አንድ የድሮ ቂም ይመጣል። ሞቷል ያልኩት ቂም፣ ሲነኩት ዛሬም ይሞቃል።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቆቦ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንድ አናጢ ዘንድ ተቀጥሬ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ነጭ ኮፍያቸውን ሰጋቱራ የማይለቀው፣ "ቢስሚላህ" ሳይሉ ማብሪያ የማይነኩ ሰው ነበሩ። የእጃቸውን ሥራ የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ጠባያቸውን የሚወድ ግን አልነበረም። ከኋላቸው ሰላም ቢሏቸው ዞር አይሉም። ጥያቄ ሲጠየቁ ትእዛዝ ይመልሳሉ። ሰዉ ኩራተኛ ይላቸው ነበር፤ እኔም እንደ ሰዉ። ማሽን ሊመረምሩ ሲሉ ደግሞ ሁላችንንም ወደ ውጭ አስወጥተው በሩን ከውስጥ ይቀረቅራሉ። ሙያቸውን እንዳንሰርቃቸው ነው እያልን በሩ ላይ ቆመን እናማቸው ነበር።

በዚያ ዓመት አንዲት የሮቢት ልጅ እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ልኬ መልስ እጠብቃለሁ። አባቷ አንድ ቀን በር ላሠራ ብሎ መጣ። በር ሰበብ ነው፤ የመጣው እጄን ሊያይ ነው። በእኛ አገር አባት የሚድርለትን ሰው ሲሠራ ሳያይ ልጁን አይሰጥም። ከበሩ ውጭ የተከመረ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። እኔም ልብ አገኘሁና ከወትሮው የበለጠ መቀልጠፍ ጀመርኩ።

በመላጊያ ማሽኑ የምንልገው ከፈረሰ ቤት የመጣ ጣውላ ነበር። አናጢው ከወዲያ ይገፋሉ፣ እኔ ከወዲህ እቀበላለሁ። አንዱን ጣውላ ብድግ ሲያደርጉት ከሥሩ የሚስማር ራስ ብልጭ አለብኝ። ማብሪያው በእሳቸው በኩል ነው። "ሚስማር! ጋሼ፣ ሚስማር አለ!" ብዬ ጮኽኩ። ሦስት ጊዜ ጮኽኩ። መላጊያው ሲያጓራ ከበሩ ውጭ ያለ ሰው ምንም አይሰማም፤ በእኔና በእሳቸው መካከል ግን አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እሳቸው ገፉት። የማሽኑ ቢላዋ ስባሪ በጆሯቸው ሥር አልፎ ጭቃው ግድግዳ ላይ ተሰካ።

ማሽኑ ቆመ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"አይተህ ዝም አልክ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ጮኼያለሁ! ሦስት ጊዜ!"

"ውሸታም! አጠገቤ ቆመህ ብትጮህ አልሰማም ነበር? እጄን ልታስቆርጠኝ! ውጣ፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!"

የልጅቷ አባት ከጣውላው ላይ ተነሣ። ሰጋቱራውን ከጋቢው ላይ አራገፈና በሩንም ሳያዝ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ መልስ ይዘው መጡ፦ "ሰው እጁ ሊቆረጥ ዝም ብሎ ለሚያይ ልጄን አልሰጥም ብሏል።" ዓመት ሳይሞላ ለጎብዬ ሰው ተዳረች። የሠርጉ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ በአስፋልቱ ሲያልፍ ደጃፍ ላይ ቆሜ ሰማሁት።

ከዚያ ወዲህ ያንን ሰው በልቤ አንቱ ማለት ተውኩ። ዱላ ይቀለዋል፤ እንዲህ አደርገዋለሁ አልኩ፦ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ፣ የራሴን ቤት ከፍቼ የማሽኔን ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ አሰማዋለሁ፤ እንቅልፍ እስኪያጣ፣ ደንበኞቹ ወደ እኔ ሲሻገሩ እስኪያይ። እናቴ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ትለኝ ነበር። እኔም "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ብዬ እወጣለሁ።

አዲስ ማሽን የማይታሰብ ነበር፤ ስለዚህ የሞቱትን መፈለግ ጀመርኩ። ሮቢት ላይ አንዲት ሴት ሽንኩርት የምትቸረችርበት ጠረጴዛ የክብ መጋዝ ገበታ ሆኖ አገኘሁት። ጎብዬ ውስጥ ዶሮዎች ዕንቁላል የሚጥሉበትን የቁም መጋዝ አወጣሁ። መላጊያው ግን ጠፋ። በመጨረሻ ከቆላው ውስጥ፣ ሠራተኛው ጥሎት በሄደ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ፣ ከማሽላ አገዳ ክምር ሥር ተገኘ። ጥበቃው ሽማግሌ አገዳውን በዱላቸው እየገፉ፣

"ይኼን ሬሳ ምን ልታደርገው ነው?" አሉኝ።

"ላስነሣው።"

"ይሁን። ፊትህ ግን ሠርግ የሚሄድ ሰው ፊት አይደለም።"

በሁለት አልጋና በአንድ ቁም ሣጥን ለወጥኩት። ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ላይ አስረን ቆቦ፣ ከእሱ ፊት ለፊት ወደተከራየሁት ቤት አስገባነው። ዝገቱን በናፍታ አርሼ በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት። ኩሽኔታ ከወልድያ ጋራዥ፣ ማሽኑን የሚያዞረውን ቺንጋ ከወፍጮ ቤት ለመንኩ። እምቢ ያለ ቡሎን ሲገጥመኝ የዚያን ሰው አንገት የያዝኩ እየመሰለኝ እጠመዝዘው ነበር። አንድ ከሰዓት ከዝገቱ ሥር አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ፤ እንደ ቡቃያ የጠራ። ደስ ብሎኝ ለጥቂት ጊዜ የተነሣሁበትን ረሳሁ። ወዲያው ራሴን ተቆጣሁ።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የመጀመሪያውን ማስነሣት ለገበያ ቀን አቆየሁት፣ ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ። ማብሪያውን ስጫነው መላጊያው እንደ በሬ አጓራ። ግመል የሚጎትተው ቆመ፣ ባጃጁ ቆመ፣ መንገዱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። እሱ ግን ደጃፉ ላይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የጣውላውን ቀጥ ማለት ያያል። ቀና አላለም። ትንሽ ቆየሁ፤ አሁንም ቀና አላለም። ንቆኛል አልኩ። ባዶውን ማሽን ማስጮኼን ቀጠልኩ።

ሚስቱ መንገዱን ተሻግረው መጡ።

"ልጄ፣ ምነው ባዶውን ታስጮኸዋለህ?"

"ይስማ ብዬ ነው እትዬ! ይስማኝ!"

ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። "ወየው! አላወቅህም እንዴ? ጆሮው ከሄደ እኮ ስንት ዓመቱ። አንተ እሱ ዘንድ ሳለህም አይሰማም ነበር። ሰው እንዳያውቅበት እኔንም አስምሎኝ ነው። አሁንማ ጨርሶ ዘጋ፣ ምኑ ይደበቃል።"

አላዘንኩለትም፤ ለምን እዋሻለሁ። የተሰማኝ መዘረፍ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀሁትን ድምፅ የሚቀበል ጆሮ የለም። ይባስ ብሎ ያን ቀን አልሰማሁም ያለው እውነቱን ነበር ማለት ነው፤ እኔም ጮኽኩ ያልኩት እውነቴን ነበር። ታዲያ ማንን ልጥላ?

ይህን ሳስብ እሱ ሚስቱንና ሕዝቡን እኔ ደጅ አይቶ ለባጃጆቹ እጁን እያሳየ ተሻገረ። እኔን አላየኝም፤ ያየው ማሽኑን ነው። መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈ። ከኪሱ ያቺን ወይራ አወጣ። ከበው የቆሙትን ሰዎች ዞር ብሎ አየና ትንሽ አመነታ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ነከሰ፣ ሌላውን ጫፍ ከኩሽኔታው ቤት ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

አንዳንዱ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። በሩን ቀርቅሮ ይሠራው የነበረው ለካ ይኼ ነው። በጆሮው ያጣውን የማሽን ድምፅ በወይራዋ በኩል በጥርሱ ይፈልግ ነበር። አራት ዓመት ከእኛ የደበቀውን፣ ለእኔ ማሽን ብሎ በገበያ መሐል አደረገው።

"የግራው ደርቋል፣ ግሪስ ስጠው" አሉ፣ ደንቆሮ እንደሚናገረው ጮክ ብለው። "ቢላዎቹን ማን አሰረልህ?"

ጣቴን ወደ ደረቴ ቀሰርኩ።

"ወላሂ፣ ከእኔ ትሻላለህ።"

ማሽኑን አጠፋሁት። በውስጤ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ፈነዳ። "ጋሼ! ያን ቀን ጮኼ ነበር! ሚስማር አለ ብዬ ሦስት ጊዜ ጮኼ ነበር!" መንገዱ ሁሉ ሰማ። እሳቸው እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ "ምን አልክ?" አሉ።

እርሳሴን አወጣሁና የተናገርኩትን በትልልቅ ፊደል የዋንዛ ጣውላ ላይ ጻፍኩት። እሳቸው መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ወይራዋን ብብታቸው ሥር ይዘዋታል፤ የነከሱት ጫፍ ገና እርጥብ ነው። ያንን ጽሑፍ ቢያነቡ የሚያገኙት ምን እንደሆነ ታየኝ፦ አንድ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሊያድናቸው ሲጮኽ በውሸታም ስም እንዳባረሩት፣ ትዳሩንም እንዳፈረሱበት። ልጅቷ እንደሆን አትመለስም።

መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ሳያደርጉ ጣውላውን ደፋሁት። ማሽኑን አስነሣሁና ላግኩት። ፊደሎቹ ፍቅፋቂ ሆነው እግሬ ሥር ረገፉ።

"ምን ነበር የጻፍከው?" አሉኝ።

ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ከንፈሬን እንዲያዩት ቀስ ብዬ፣ "ልኬት ነው" አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ጣውላውን በመዳፋቸው ዳበሱት። "ለስልሷል" አሉ።

ባረፉ ጊዜ ሚስታቸው ወይራዋን አመጡልኝ። ያንን ጽሑፍ በማጥፋቴ አንዳንድ ቀን እቆጫለሁ፤ ጎብዬን በመኪና ሳልፍ በተለይ። ሌላ ቀን ደግሞ አልቆጭም።

ባለፈው ሳምንት ከጎብዬ የመጣ ጎልማሳ ሠራተኛ ቀጠርኩ። ገና ያልተነሣው መላጊያ ፊት አቁሜ መጀመሪያ የነገርኩት ይህንን ነው፦ "ሚስማር ካየህ አትጩህ። ትከሻዬን ያዘኝ።"

"ለምን ጋሼ?" አለኝ መሰለኝ። ያየሁት ከንፈሩን ነው።