ለባለቤቴ ያስቀመጥሁት ድርሻ

ጣሊያን ደሴ ከገባ በኋላ ሁለተኛው ገና ነበር። ባለቤቴ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወሬውም ጠፍቷል። እኔ የሃያ አንድ ዓመት ሴት ነበርሁ። ዘመዶቼ ሁሉ ሩቅ አገር ስለነበሩ ከፒያሳ በላይ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ብቻዬን እኖር ነበር። ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ለአንድ ሰው ወጥ መሥራቱን ሳስበው ከበደኝ።

የደብራችን ሴቶች በበዓሉ ቀን ቤት ለሌለውና ከአገሩ ርቆ ለመጣ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ምግብ ሊያበሉ መክረው ነበር። ማንም ሳይጠራኝ ሄድሁ። ሥራውን የሚመሩት የአንድ ቄስ ሚስት ነበሩ። "ልርዳችሁ" ስላቸው፣ ማን እንደሆንሁ እንኳ ሳይጠይቁ ቢላዋና አንድ ቁና ሽንኩርት ሰጡኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ስልጥና ስከትፍ ዋልሁ። ዓይኔ ማልቀሱን ማንም ልብ አላለውም።

የገና ለት ቅዳሴው እንዳለቀ ሰዉ ግቢውን ሞላው። እንጀራው ላይ የበግ ወጥ እየጨለፍሁ ከአንዱ ወደ አንዱ አለፍሁ። ሁሉም "ተባረኪ" ይለኛል፤ ቀና ብሎ የሚያየኝ ግን የለም። እኔ የወንዱን ሁሉ ፊት አይ ነበር። ባለቤቴ እዚያ ይገኛል ብዬ አይደለም፤ ዓይኔን መከልከል ስላቃተኝ ነው።

መሀል ላይ አንድ ሳህን ሞልቼ፣ በጨርቅ ሸፍኜ ግቢው ውስጥ ከተተከለው ድንኳን ጥግ አስቀመጥሁ። በየበዓሉ ቤቴ ውስጥ እንዲሁ አደርግለት ነበር።

ቀትር ላይ ድስቶቹ ባዶ ሆኑ። ሴቶቹ ዕቃ ማጠብ ሲጀምሩ አንድ አቧራ የለበሰ ጎልማሳ በበሩ ገባ።

"ዘገየሁ መሰለኝ" አለ። "ከኮምቦልቻ ነው የመጣሁት፤ የመንገድ ሥራ ላይ ነኝ። አቀበቱ ያዘኝ።"

የቄሱ ሚስት አንገታቸውን ደፉ። "አልቋል፣ ወንድሜ።" ዞር ሲሉ ግን ጨርቁን አዩት። "ይሄ የማን ነው?" አሉ።

"የባለቤቴ ነው" አልሁ።

"ይመጣል እንዴ?"

የጨርቁን ጠርዝ አስተካከልሁ። ሴቶቹም ዕቃ ማንኳኳቱን ተዉ። እሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አብሽሪ ልጄ፤ ይቀመጥለት" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሳህኑን አንሥቼ ለሰውዬው ሰጠሁት።

ቶሎ ቶሎ በላ። ጣቱን ሲልስ ሳየው ጠላሁት። ሲጨርስ እጁን አስታጠብሁትና፣ "አያ፣ ዘምተው ነበር?" አልሁት። ከሩቅ የመጣን ሰው ሁሉ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

"አልዘመትሁም። አገሬ ላስታ ነው" አለኝ። "እዚያ ታች በዓሉን ብቻዬን ከምውል ብዬ ነው የወጣሁት።"

እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው ልለው አስቤ፣ ባዶውን ሳህን አነሣሁ። ከዚያ "ሳይመሽብኝ ልውረድ" ብሎ ተነሣ።

ቤቴ ገብቼ በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘጋሁ። ከሜዳው የገና ተጫዋቾች ጩኸት ይሰማኝ ነበር። ያን ቀን ሥጋ አልቀመስሁም።

ባለቤቴ አልተመለሰም። ሞቱን ያየ ሰውም አላገኘሁም። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጠጉሬን ተላጭቼ ለቅሶ ተቀመጥሁ። የደረሱልኝ የቄሱ ሚስትና እነዚያ ሴቶች ናቸው። አንዳቸውም አያውቁትም ነበርና ምን ብለው እንደሚያለቅሱለት ቸገራቸው።

"እስኪ ንገሪን፤ እንዴት ያለ ሰው ነበር?" አሉኝ።

መለሎ እንደነበር፣ ፈረስ እንደሚፈራ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን ነገርኋቸው። እኔም የማውቀው ይህንኑ ነበር። አብረን የኖርነው ሰባት ወር ብቻ ነበር።